የማይዝ ሙጫ

መስመሮቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። ወረቀቱ ላይ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው የሚታየው፤ ቀዩ ሰማያዊው ላይ ተኝቶበታል። ሶስና ወረቀቱን ከዶክተር ዘሩባቤል ጠረጴዛ ላይ አንስታ ወደ መስኮቱ ዞረች። ብርሃን ላይ ብታየው የሚለያይ መስሏት ነበር፤ አልተለያየም።

«እንግዲህ አየሽው» አለ ዶክተር ዘሩባቤል፣ ከወንበሩ ሳይነሳ። «ሦስት ወር ጠበቅን። የክትባትሽ ዲዛይን አልሠራም። በሳይንስ ያለ ነገር ነው፤ አይክፋሽ።»

አይክፋሽ! ቤቱ ተቃጥሎበት የቆመን ሰው «ሞቀህ?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ሶስና ደሟ ፈላ፤ ግን አስተማሪዋም አለቃዋም ነውና ዋጥ አደረገችው። አሥር ዓመት ከሥሩ ሠርታለች፤ የፈሳሽ መለኪያውን፣ የፒፔቱን፣ አያያዝ ያሳያት እሱ ነው።

ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል። «ሁለቱን ቁራጮች አያይዞ መስጠት ከትኩሳት ግርሻ የሚከላከል አቅም እንደማይፈጥር ተረጋግጧል» ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቴክኒክ ኮሚቴው ይሰበሰባል፤ ቃለ ጉባኤ ይፈራረማል፤ ደብዳቤው ዛሬውኑ ለረጂዎቹ ይላካል። ከግርጌው ሦስት ስም አለ፣ የእሷ ከሁሉም በላይ።

ዓይኗ «ተረጋግጧል» የሚለው ላይ ቀረ። ሥራው ቢዘጋ አንድ ነገር ነው፤ ቀን ሲወጣ ሌላ ሰው ይከፍተዋል። «እንደማይሠራ ተረጋግጧል» ከተባለ በኋላ ግን ማን ይነካዋል? በቅማል የሚተላለፍ የድሃ በሽታ ነው። ጉልበቱን ሸጦ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ለአሥር ታጭቆ የሚያድር ሰው በሽታ ነው። ዓለም ለመተው ሰበብ ሲፈልግለት ኖሯል፤ ይኸው አሁን ሰበቡን እሷ ራሷ ፈርማ ልትሰጠው ነው።

ሶስና፣ ቤተሰቧም ባልደረቦቿም ሶሲ የሚሏት፣ ለዚህ ነገር ስድስት ዓመት ከፍላለች። ተህዋሲው ተንኮለኛ ነው። ሰውነት መልኩን ለይቶ ሊይዘው ሲል ልብሱን ይቀይራል፤ ሕመምተኛው ዳንኩ ብሎ በተነሳ በሳምንቱ ተመልሶ ይወድቃል። እሷ የማትቀየር አንዲት ቁራጭ አገኘችበት። ሙሉውን ተህዋሲ ትቶ በቁራጭ ብቻ ክትባት መሥራት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቢ ሴል የሚባለው የደም ዘበኛ ቁራጯን ይይዛታል፤ ስለያዘ ግን አይባዛም፣ መከላከያም አያመርትም። ቲ ሴል የሚባለው ሊፈቅድለት ይገባል። ቲ ሴል እንደ ቀበሌ ሠራተኛ ነው፤ ሌባውን የያዘው ሰው ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ የሌባውን መታወቂያ ካላሳየው ማህተም አይመታም። መታወቂያው ጎረቤት ኪስ ውስጥ ቢሆን ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ ሁለት ቁራጭ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለቢ፣ አንዱ ለቲ። ቢ ሴሉ አንዱን ሲውጥ ሌላው አብሮ እንዲገባ ሁለቱ የግድ መያያዝ አለባቸው። የሚያያይዛቸው ኬሚካል ስሙ ስለሚንዛዛ ቤተ ሙከራው ውስጥ «ሙጫው» ነው የሚሉት።

የቲውን ቁራጭ ከፈረንጅ መዝገብ አልገለበጠችም። የአንዱ አገር ሰው ቲ ሴል የሚያውቀውን የሌላው አገር ሰው ላያውቀው ይችላል። በሽታው ይዟቸው ከዳኑ ዘጠና ሦስት የአራዳ ሰዎች ደም ለምና፣ ተሸካሚውን፣ ሊስትሮውን፣ መኪና አጣቢውን አስቀምጣ ቀድታ፣ የእነሱ ቲ ሴል የሚያውቀውን መረጠች።

«ዶክተር፣ ሰማያዊውን አይተውታል?»

«ምኑን?»

«ቀዩ ተያይዞ የተሰጣቸው አይጦች ያመረቱት መከላከያ ነው። ሰማያዊው ለማነጻጸሪያ ሳይያያዝ እንዲሁ ተቀላቅሎ የተሰጣቸው ያመረቱት። ዲዛይኑ የማይረባ እንኳ ቢሆን በጥቂቱ ይለያዩ ነበር። እነዚህ አንድ ናቸው።»

«እኮ፤ ማያያዙ ምንም አልጨመረም ማለት ነው።»

«ወይም አልተያያዘም ማለት ነው።»

ዶክተር ዘሩባቤል ከመነጽሩ በላይ አያት። «ያያያዝሽው አንቺ ነሽ» አለ ቀስ ብሎ።

እውነቱን ነው። ሶሲ ስትወጣ በሩን ከሚገባው በላይ አጮኸችው።

መያያዝ አለመያያዙን የሚያሳይ ምርመራ አለ። የተያያዘው ይከብዳል፤ እንደ ወንፊት በሚያጣራው ጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ ሲሮጥ ከላይ ይቀራል። ቀላሎቹ ወደ ታች ይወርዳሉ። በመጀመሪያው ዙር፣ ያኔ በነበረው የሙጫ ጠርሙስ፣ ሠርታው ደህና ተያይዞ አግኝታዋለች። ለአይጦቹ የተሰጠው የሁለተኛው ዙር ግን ተራው ሲደርስ መብራት ሁለት ቀን ጠፋ፤ የአይጦቹም ዕድሜ እያለፈ ነበርና ዘለለችው። የመጀመሪያው ሠርቷል፣ ሁለተኛው ምን ይሆናል ብላ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። አሁን ከማቀዝቀዣው የተረፈችውን ጠብታ አውጥታ ጄሉ ላይ ጫነችና፣ እስኪሮጥ ድረስ የሙጫውን ጠርሙስ ራሱን አያለሁ ብላ ከአምስት ኪሎ ታክሲ ያዘች።

የተቋሙ ዕቃ ግምጃ ቤት ፒያሳ ነው፤ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ጣሊያን የሠራው፣ ሲረግጡት ወለሉ የሚያቃስት ሕንፃ ውስጥ። የተጀመረ ጠርሙስ ሁሉ ተመልሶ እዚያ መግባት አለበት፤ ደንብ ነው። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

ከታክሲ ስትወርድ አብዱልሃሚድ አያት። ሱቅ ለሱቅ ዕቃ የሚያወርድ ተሸካሚ ነው፤ ካቻምና ክረምት ሦስት ጊዜ ወድቆ ሦስት ጊዜ ተነስቷል። ከዘጠና ሦስቱ አንዱ ነው። ባገኛት ቁጥር የሚላት አንድ ነው።

«ዶክተርዬ፣ ደሜ እንዴት ሆነ? አለፈ ወይስ ክፍል ይደግማል?»

«ውጤቱ ዛሬ ነው» አለችው ሳትቆም።

«ታዲያ ከውጤቱ በፊት ፊትሽ ምነው ወደቀ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅለት ነበር። ዛሬ እንኳን ልትስቅ፣ ሰላምታውንም በወጉ አልመለሰችለትም። ምን ትበለው? ደምህን ወስደን፣ በደምህ ሠርተን፣ ሦስት ሰው ፈርሞ ወደ ቆሻሻ ሊጥለው ነው ትበለው? ሰፊውን አዲስ የእግረኛ መንገድ እየረገጠች ስትሄድ ንዴቷ እየባሰ፣ እርምጃዋም እየፈጠነ መጣ።

ጋሽ ሉልሰገድ በዚያ ግምጃ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ከውጭ የመጣ ዕቃ ሁሉ በእጃቸው ያልፋል። ጊዜው የሚያልፍበትን የፈረንጅ ቀን ወደ እኛው ይቀይሩና፣ ከዓመቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሰው፣ በነጭ ፕላስተር ላይ ጽፈው ይለጥፉበታል። ኦዲተር ሲመጣ የሚያየው የእሳቸውን ፕላስተር ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ስህተት ተገኝቶባቸው አያውቅም።

ሶሲ ሰላም ብላቸው በቀጥታ ወደ ማቀዝቀዣው አለፈች። ጠርሙሷ ከአውራ ጣት አትበልጥም። ፕላስተሩ «እስከ ሰኔ 2023 ዓ.ም.» ይላል። አሁን የካቲት 2018 ነው። አምስት ዓመት ይቀረዋል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ሙጫ ደግሞ ሁለት ዓመት ከቆየ ተመስገን ነው። ኅዳር ላይ ይህንኑ ፕላስተር አይታ «ገና ነው» ብላ ከፍታዋለች። ፕላስተሩን በጥፍሯ ላጠችው። ከሥሩ የፋብሪካው ጽሑፍ ወጣ፤ ወር ስድስት፣ ዓመት 2023፣ በፈረንጅ። በእኛ ሰኔ 2015 መሆኑ ነው። ከሌላ ቤተ ሙከራ በስጦታ የመጣ ነው፤ ሲመጣም ሞቶ ነው የመጣው።

«ጋሽ ሉልሰገድ» አለች። «ወሩን ቀይረው ዓመቱን እንዳለ ነው የለጠፉት። ሙጫው የሞተ ነው። አይጦቹን የወጋሁት ባልተያያዘ ነገር ነው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚህ ምክንያት ሥራዬ ሊቀበር ነው፣ ያውቃሉ?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከግራጫው ጋዋን ኪስ አውጥተው አደረጉ። ጠርሙሷን አልተቀበሏትም። ከጥፍሯ ላይ የተንጠለጠለውን ፕላስተር ብቻ አዩ።

«የእኔ ጽሑፍ አይደለም» አሉ።

ሶሲ አየችው። የሁለት ቁጥርን ጅራት እንዲያ አድርጎ የሚጎትት ከእሷ በቀር ማንም የለም።

መስከረም መጨረሻ ላይ የጋሽ ሉልሰገድ ባለቤት ወይዘሮ ተሾመች አረፉ። እሳቸው ሐዘን ተቀመጡ፤ ዕቃው ደጅ ድረስ ተከመረ፤ ተተኪ የመደበ አለቃ አልነበረም። ሶሲ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች ክምሩን ለጠፈችላቸው። የመጀመሪያው አርባ ካርቶን የአገር ውስጥ ምርት ነበር፤ ቀኑ በእኛው ስለተጻፈ እንዳለ መገልበጥ ብቻ ነው። ወደዚህች ጠርሙስ ስትደርስ ወሩን ቀየረች፣ እጇ ግን በለመደው ሄዶ ዓመቱን ገለበጠው። ማንም አላዘዛት፣ ማንም አላስገደዳት። ለደግነት ብላ ነው።

አንድ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ስትመጣ ንዴቷን የምታራግፍበት ሰው ነበራት፤ አሁን የለም። ከዚያ አንድ ነገር ቆረቆራት። ሽማግሌው አልደነገጡም። «የእኔ ጽሑፍ አይደለም» ያሉት ቀድሞ እንደሚያውቅ ሰው ነበር።

«መቼ ነው ያዩት?» አለች።

ጋሽ ሉልሰገድ ሄደው የማቀዝቀዣውን በር ገፋ አደረጉ።

«ጋሼ፣ መቼ ነው ያዩት?»

«ከአርባዋ በኋላ ሥራ ስገባ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ።»

«ሙጫውን የወሰድኩት ኅዳር አሥራ ስድስት ነው። ራስዎ ነዎት አውጥተው የሰጡኝ።»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ ልጄ?» አሉ፤ ፊታቸው ላይ እውነተኛ ግራ መጋባት ነበር። «እኔ ሐዘን ተቀምጬ ሥራዬን ሠርተሽልኛል። ተመልሼ ስህተት ላወጣብሽ ነው? ሰው ምን ይለኛል? ደግሞ የተማርሽ ነሽ፤ ሳታውቀው አትቀርም፣ ምክንያት ይኖራታል አልኩ።»

ሰው ምን ይለኛል! ይህን አገር ከጦርነትም ከድርቅም ይልቅ የጎዳው ይህ አይደለም ያለ ማነው? የጎረቤቱ ጣሪያ ሲነድ አይቶ «በምሳ ሰዓት ቤታቸው መግባት ነውር ነው» ብሎ የሚቆም ሰው እኛ ጋ ሞልቷል። ዝም አይነቅዝም ሲሉ ያሳደጉን ደግሞ አሉ። ነቀዘ እንጂ! የዘጠና ሦስት ሰው ደም ነው የነቀዘው።

ሶሲ ይህን ሁሉ አልተናገረችም። «አንድ ቃል» አለች፣ ጮክ ብላ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ጮኻ አታውቅም። «አንድ ቃል ነበር እኮ! ‹ሶሲ፣ ተሳስተሻል›። ይህቺን ማለት አቃተዎት? እኔ ሰው አልነበርኩም? ቅር ቢለኝስ? ቅር ብሎኝ ይቀር ነበር!»

«አፍሬ ነው።»

«ማፈርዎ ምን ጠቀመኝ?»

ሽማግሌው በጋዋናቸው ጫፍ መነጽራቸውን ጠራረጉ። «ስብሰባው ላይ እኔ ነኝ ልበል» አሉ። «ጡረታዬ ሰኔ ላይ ነው። እኔን ምን ያደርጉኛል? አንቺ ገና ነሽ።»

የምር ነው ያሉት። ይኼ ነው ይበልጥ ያናደዳት። ክፉ ሰው ቢሆኑ ትቀጣቸው ነበር፤ እሳቸው ግን መበደልም መካስም በአንድ እጅ፣ እውነቱን በመሸፈን፣ ነው የሚያውቁት። ጠርሙሷንም ፕላስተሩንም ኪሷ ከትታ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳትላቸው ወጣች።

አምስት ኪሎ ስትደርስ ጄሉ አልቆ ጠበቃት። ከላይ ምንም የለም። ሁለቱ ቀላል ቁራጮች ለየብቻቸው ወርደው ከታች ተቀምጠዋል፤ በሕይወታቸው ተገናኝተው የማያውቁ መሆናቸው ግልጽ ነው። ፎቶውን አትማ ዶክተር ዘሩባቤልን ኮሪደር ላይ አገኘችው። ስምንት ተኩል ሆኗል።

ሁሉን ነገረችው። እሱ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየው። ሰነፍ ሰው አይደለም፤ ያየው ወዲያው ገብቶታል።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለ። «ግን ለኮሚቴው አታቅርቢው።»

«ለምን?»

«ዲዛይን ሲወድቅ ማንም አያፍርም። ጊዜው ባለፈ ዕቃ የሚሠራ ቤት ነው ከተባልን ግን ሌሎቹ አምስት ሥራዎችም አብረው ይሄዳሉ። የእነ ከተማ የወባ ሥራ አለ፣ የቲቢው አለ። ለእነሱ አታስቢም?»

ውሸት አልነበረም። ቢዋሽ ለሶሲ ይሻላት ነበር፤ ውሸትን በቀላሉ ትጠላዋለች። «ደብዳቤው ‹እንደማይሠራ ተረጋግጧል› ይላል» አለችው። «አልተረጋገጠም። አልተሞከረም እኮ ዶክተር። እርስዎ ነዎት ያልሞከርከውን አትጻፍ ብለው ያስተማሩን።»

«ጊዜው ሲሻሻል እንደገና ታነሺዋለሽ።»

«በእርስዎ ፊርማ ከተቀበረ በኋላ?»

ዶክተር ዘሩባቤል ፎቶውን መለሰላትና ወደ አዳራሹ ገባ።

ጠረጴዛውን ስምንት ሰው ከቧል። ጋሽ ሉልሰገድ የግምጃ ቤት ተወካይ ናቸውና በሩ አጠገብ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጡበት ተቀምጠዋል፤ ጋዋናቸውን አውልቀው ኮት ለብሰዋል። ጸሐፊው ተክላይ የቃለ ጉባኤውን ወረቀት አስተካክሎ እስክሪብቶውን ይዟል። አጀንዳው ተነበበ። ዶክተር ዘሩባቤል መስመሮቹን አሳየ፤ አዘንን አለ፤ ጥሩ ሙከራ ነበር አለ፤ አስተያየት ካለ አለ።

ሶሲ ተነሳች። በዚያ ቤት ቆሞ መናገር የተለመደ አይደለም፤ ቁጭ ብላ መናገር ግን አልሆነላትም። ጠርሙሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ከአጠገቧ ፎቶውን።

«የተወጋው ያልተያያዘ ነው» አለች። «ሙጫው ከሁለት ዓመት በላይ ያለፈበት ነበር። የተሳሳተውን ቀን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ምርመራውን የዘለልኩትም እኔ ነኝ። ዲዛይኑ አልወደቀም፤ አልተፈተነም። ደብዳቤው ይስተካከል።»

ከተማ፣ የወባው ተመራማሪ፣ በደግ ፊት አያት። «ሶሲዬ፣ ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ» አለ። «ይህ እዚሁ ይቅር። እንዳልተባለ እንቁጠረው።» ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አዎ፣ እንዳልተባለ። ማንም አልተቆጣት። እንዲያውም አንዷ ውሃ ቀድታ ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት። ተክላይ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አንስቶ አየር ላይ ያዘው።

ሶሲ ቢሰድቧት ይህን ያህል አትናደድም ነበር። ይቅርታቸው ልክ እንደ ጋሽ ሉልሰገድ ዝምታ ነው፤ ለስላሳ፣ ሰው የሚያከብር፣ ቀብሮ የሚያስቀር። «ተብሏል» አለች። «ተክላይ፣ ጻፈው።»

ተክላይ ወደ አለቃው አየ።

ዶክተር ዘሩባቤል እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አጣጠፈ። «ይጻፍ ካልሽ ሙሉውን ይጻፍ» አለ በእርጋታ። «ግምጃ ቤት ኃላፊ አለው። ጋሽ ሉልሰገድ ይህን አላዩትም ነበር?»

ወጥመድ ነበር፤ ሶሲም አውቃዋለች። ጋሽ ሉልሰገድን እንደ አባቷ እንደምታያቸው ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት ስማቸውን ጠብቀው አራት ወር የቀራቸውን ሽማግሌ፣ በሰው ፊት፣ በአፏ ልታዋርድ ነው? «አላዩትም» ብትል ማንም አይጠይቃትም። አንዲት ትንሽ ቃል ናት። ሽማግሌው ይተርፋሉ፤ ሌላው ሁሉ እውነት ይሆናል፤ ይህቺ ብቻ ውሸት። ወደ በሩ አየች። ጋሽ ሉልሰገድ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬቱን ያያሉ። ለመዋሸትም ለማዳንም የበቃ ፍቅር ነበራት፤ ጠዋት ግን በዚህ ዓይነት ፍቅር ላይ ነው ስትጮኽ የዋለችው።

«አይተዋል» አለች። «ከመጠቀሜ በፊት አይተዋል። አልነገሩኝም።»

ከተማ «ኧረ በእግዚአብሔር» አለ ዝቅ ብሎ፤ ለማን እንዳለው አልታወቀም።

ጋሽ ሉልሰገድ ተነሱ። የኮታቸውን ቁልፍ ዘጉ። «እውነቷን ነው» አሉ። «አይቻለሁ። አፍሬ ዝም አልኩ። ይጻፍ።»

ተክላይ ጻፈ። ሲጨርስ ጋሽ ሉልሰገድ እጃቸውን ዘረጉ፤ እሱም ሳያስበው ወረቀቱን ሰጣቸው። ግድግዳው ላይ ተደግፈው ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ቀኑን ከነዓመቱ ጽፈው ፈረሙ። ለሶሲ ሲያቀብሏት ፊቷን አላዩም። እሷም ፈርማ ወደ ጎን አሳለፈችው። ከተማ ያዘው፣ ወደ አለቃው አየ፣ ሳይፈርም አሳለፈው። የሚቀጥለውም፣ ከዚያም ያለው። ውሃ የቀዳችላት ሴት ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ነው የገፋችው። አለቃ ያልፈረመበትን ማን ደፍሮ ይፈርማል? ወረቀቱ ጠረጴዛውን ዞሮ በሁለት ስም ብቻ ዶክተር ዘሩባቤል ፊት ደረሰ። ቀድሞ የተዘጋጀው ደብዳቤ አጠገቡ ነው።

«ሶስና» አለ፣ ሳያያት። «ይህን ከፈረምኩ ነገ ይህ ቤት ላይኖር ይችላል።»

«ያንን ከፈረሙ ደግሞ ቤቱ ለምን ይኖራል?»

ዶክተር ዘሩባቤል መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ መልሶ አደረገው። ከዚያ ቃለ ጉባኤውን ወደ ራሱ ሳበና፣ ጣቱን ከሥሩ እያስከተለ፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ማንበብ ጀመረ። እስክሪብቶው እንደተከደነ ነበር። ሶሲ አሁንም ቆማለች፤ ተቀመጪ ያላት ሰው የለም።